ሞቶ ያላመለጠው ሰው

የሞቱን ወሬ ያመጣልኝ የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ ነው። አምቦ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ለእረፍት ወጥተው ሲንጫጩ፣ በሩ ጋ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «ቲቸር፣ ያ ሽማግሌ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅኩም። ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል መግባቱን ከሦስት ቀን በፊት ሰምቼ፣ ቅዳሜ ሄጄ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው።

ዘበኛው ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት ዘረጋልኝ። የቅርብ ዘመድ በሚለው መስመር ላይ፣ ወደ ግራ ጋደም ባሉ ትልልቅ ፊደላት፣ የኔ ስም ተጽፏል። ዝምድና በሚለው ላይ ደግሞ «አስተማሪዬ» ይላል። ጽሕፈቱን አወቅኩት። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።

መንግሥት ሊለወጥ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው ይህ የሆነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ፤ እናቴንም ጭምር። ነገር ግን ሰዎች ስለ ክፉና ደግ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ሽማግሌ፣ ኦቦ ኢታና ነው። ጋቢውን ሰብስቦ ከመጨረሻው አግዳሚ ቀስ ብሎ ሲነሣ ይታየኛል።

መጀመሪያ ያወቅኩት ሸነን ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር፣ በጥቁር እንጭኒ አድርጎ በጭነት መኪና የሚደረስበት፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ደጋ አገር ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ጊዜ ስለነበር፣ ጠዋት ሕፃናቱን አስተምራለሁ፣ ከአሥር ሰዓት እስከ አመሻሹ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ጎልማሶቹን። እኔ ያደግኩት በሁለቱም ቋንቋ ነው፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ አማርኛውን በኦሮምኛ እያፍታታሁ፣ ኦሮምኛውንም በዚያው ፊደል እያስጻፍኩ እውላለሁ።

ሠላሳ ያህል ጎልማሳ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። ለሦስት ልጆች በተሠራው ላይ አራት አምስት ሆነው ይጣበባሉ። ግድግዳው ሥር ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ግን የሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ የኦቦ ኢታናና የአዴ ጫልቱ (ኦቦ ለወንድ፣ አዴ ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው)። ሌሎቹ ቆመው ይማራሉ እንጂ እዚያ አይቀመጡም።

መጀመሪያ የሸሹት መልኩን ፈርተው መስሎኝ ነበር። ኦቦ ኢታና ከቀኝ ጆሮው እስከ አገጩ ቆዳው እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ተሸብሽቧል። የቀኝ እጁ ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። በግራ እጁ ነበር የሚጽፈው፤ እርሳሱን አንዴ በምላሱ ያርስና ወረቀቱን በክርኑ ይዞ፣ ምድር እንደሚቆፍር ሰው ተጭኖ ይጽፋል።

ነገሩን የነገረችኝ ቤት ያከራየችኝ ሴት ናት። ኢታና ከመሬት አዋጁ በፊት የባለርስቱ ጭቃ ሹም ነበር። ከአራሹ እህል የሚሰበስበው፣ ያላስገባውን ከመሬቱ የሚነቅለው እሱ ነው። ሰው ልጁ ታሞበት እንኳ አንድ ቀን ጨምርልኝ ቢለው አይሰማም ነበር አለችኝ። አዋጁ ሲመጣ ባለርስቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የእሱ ዓይነቶቹን ሕዝቡ አባረራቸው፣ አንዳንዶቹንም ደበደባቸው። ኢታናን ግን ማንም አልነካውም።

«ለምን?» አልኳት።

«በእሳቱ ምክንያት ነዋ።»

ከአዋጁ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አዴ ጫልቱ ገበያ ሄዳ ሳለ ጎጆዋ ተቃጠለ። የሰባት ዓመት ልጇ ሌሊሴ ውስጥ ነበረች። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይጮኻል እንጂ የሚገባ ጠፋ። በበቅሎ ሲያልፍ የነበረው ኢታና ወረደ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ገባ። ልጅቷን በበሩ ወርውሮ አወጣት። እሱ ሳይወጣ ጣሪያው ወደቀበት፤ በረጅም እንጨት ጎትተው ነው ያወጡት። አዴ ጫልቱ አንድ ወር ሙሉ ወተትና ቅቤ እየተሸከመች አስታመመችው። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ ሌሊሴ ምግብ ይዛለት ትሄዳለች።

«እሷም ብትሆን ከሱ ሌላ ማን ያስጠጋታል?» አለች አከራዬ። «የሌባ ሚስት ናት።»

ከእሳቱ በፊት ባሏ በዳዳ የባለርስቱን በሬ ሰርቆ አርዷል ተብሎ ታስሮ ነበር። የበሬው ቆዳ ከቤቱ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ተቆፍሮ ሲወጣ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ኢታናም ማታ በሬውን ሲነዳ አይቼዋለሁ ብሎ ምሎ መሰከረ። በዳዳ እስር ቤት በገባ በዓመቱ በተስቦ ሞተ። አዴ ጫልቱ በኢታና ላይ ቂም አልያዘችም። «ያየውን ተናገረ፣ ምን ያድርግ» ትል ነበር አሉ።

እንግዲህ ያቺ አግዳሚ የተገለሉ የሁለት ሰዎች ነበረች። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ልቤ ተነካ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ልቧ ሲነካ ዝም ብላ አትቀመጥም።

የገብስ አጨዳ ደርሶ ተማሪው መቅረት ሲጀምር አንድ ዘዴ አመጣሁ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከራሴ ፈጥሬ ተረት እነግራቸዋለሁ፤ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ስደርስ አቆምና «ነገ» እላለሁ። በነጋታው ክፍሉ ይሞላል። የተረቱ ክፉ ሰው ሻረው የሚባል ሽፍታ ነበር። ነጋዴ ይዘርፋል፣ ከብት ይነዳል፤ አንድ ገበሬ ገድሎ ሚስቱን ከነልጇ ሜዳ ላይ ጥሏል። ሴቶቹ ስሙን ሲሰሙ ምራቃቸውን ይተፉ ነበር። እኔ ግን መጨረሻውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ያዘጋጀሁትም ለኦቦ ኢታና ነው። ስጦታ መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ቀን፣ ሻረው ወንዝ ዳር ተደብቆ ሳለ የዚያችን ሴት ልጅ ደራሽ ውሃ ሲወስዳት ያያል። ይወረወራል። ልጅቷን ወደ ዳር ገፍቶ ያድናትና እሱን ውሃው ይዞት ይሄዳል። እናትየዋ ከዳር ቆማ «ይቅር ብዬሃለሁ» ትላለች። ተረቴ አለቀ።

ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። መጀመሪያ የተናገረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ሁንዴ ነው፤ እሱም ተማሪዬ ነበር።

«መጨረሻው ልክ አይደለም» አለ። «ሽፍታ ሽፍታ ነው። ሰው መደቡን በአንድ ቀን ዋና አይለውጥም።»

ጥቂቶች ሳቁ። አዴ ጫልቱ ግን አልሳቀችም።

«ነፍሱን እኮ ነው የሰጠው» አለች። «ሰው ከነፍሱ በላይ ምን ይስጥ? እንዲህ ያለ ሰው አለ። ዱጋዳ፣ እውነት ነው።» ይህን ብላ ወደ ጎኗ፣ ወደ ኦቦ ኢታና ዞር አለች። ሌላውም ሰው አብሯት ዞረ። እኔ የምጠብቀው ይህንን ነበር።

«ኦቦ ኢታናስ ምን ይላሉ?» አልኩ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ።

የታጠፈ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተነሣ።

«አመለጠ» አለ።

«እንዴት?»

«አመለጠ ነው የምልሽ፣ ባርሲስቱ።» በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «ባሏን ለምን እንደገደለው አልነገራትም። ሬሳውን የት እንደጣለው አልነገራትም። እሷ የምትጠይቀው ነገር ነበራት። አሁን ማንን ትጠይቅ? ውሃውን?»

«ደሙን ከፈለ እኮ።»

«ደሙን ማን ጠየቀው?» አለና ተቀመጠ።

ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ነው የገባሁት። ልጅ ነበርኩና፣ ስጦታዬን ሰው ፊት የመለሰብኝ መሰለኝ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ሚስቱ አዋጁ የወጣ ሰሞን ልጆቻቸውን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ወደ እጃጂ ሄዳ አልተመለሰችም። አጥር እያጠረ አገኘሁት፤ እንጨቱን በጉልበቱ አጣብቆ በግራ እጁ ልጥ ይጠመጥማል። ግንድ ላይ አስቀመጠኝና ሥራውን ቀጠለ።

«ያን ቀን ተረቴን ለምን ጠሉት?» አልኩት።

ልጡን አጠበቀ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «የበሬውን ቆዳ የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባኝም። ቁጭ ብሎ ነገረኝ። በዳዳ ባለርስቱ ከሲሶው ላይ የሚጭንበትን ነገር አልከፍልም ብሎ አምቦ ፍርድ ቤት አቤቱታ ሊያስገባ ነበር። ባለርስቱ ኢታናን ጠርቶ በሬ አሳረደ፣ ቆዳውን የት እንደሚቀብር ነገረው፣ ምን ብሎ እንደሚመሰክርም ነገረው።

«እምቢ ብል ምን ያደርገኛል ብለው ነው?»

«ከመሬቴ ይነቅለኝ ነበር። ይህ ምክንያት ነው እንጂ መልስ አይደለም።» አለና ቀጠለ፤ «እሳቱ ውስጥ የገባሁት ልጅቷን ላወጣ ብቻ ይመስልሻል? ልሞትም ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እዚያ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሜ ጥሩ ነው፤ ልጅ ያዳነ ሰው ነኝ። በዳዳ ግን እስከ ምጽአት ሌባ ነው። ቆዳውን ማን እንደቀበረው የሚያውቅ ሰው አብሮ ተቃጠለ ማለት ነው።»

«ታዲያ ተርፈዋል። እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

ይህን ስጠይቀው ነው ዓይኑን ከኔ ላይ ያነሣው።

«በዚህ አገር ጠዋት ሲያገኘኝ 'አከም ቡልተን' የሚለኝ፣ እንዴት አደሩ የሚለኝ፣ አንድ ሰው ነው ያለው። እሱም እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። «ያለፈ ነገር ነው፣ ኦቦ ኢታና። አሁን ቢናገሩት ማንን ይጠቅማል?» አልኩት። ልክ እንደ ትልቅ ሰው። እሱም አልተከራከረኝም። ተነሥቶ ልጡን አነሣ።

በዚያው ወር ከጅባት ጫካ ማዶ ሽማግሌዎች ለሌሊሴ መጡ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁመናዋ ያማረ፣ ሥራ የምትወድ ልጅ ነበረች። አዴ ጫልቱ ለሁለተኛው ቀጠሮ ጠላ ጠምቃ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ ግን መንገድ ላይ የማን ልጅ ናት ብለው ሲጠይቁ፣ የሌባው የበዳዳ ተባሉ። ከዚያው ተመለሱ። ጠላው ሆመጠጠ።

አዴ ጫልቱ አንድ ሳምንት ከትምህርት ቀረች። ስትመለስ ምንም እንዳልሆነ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ጎንበስ ብዬ ደብተሯን ሳርም፣ «ያባቷ እጅ ነው የያዛት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ምን ጎድሎበት ነው የሰረቀው እላለሁ አንዳንዴ። ምን አጉድዬበት ነው?» ኦቦ ኢታና አጠገቧ ነው። ሰምቷል። እርሳሱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

ከአሥር ቀን በኋላ የመመዘኛው ቀን ሆነ። ከወረዳው አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ስሙ የተጠራው ሰው ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ በዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለው ተነሥቶ ያነበዋል። ኦቦ ሁንዴ መፈክር ጻፈ። አንዷ የልጇን ስም ጻፈች። ኦቦ ኢታና ተጠራ።

ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ የወሰደ ይመስለኛል። ጠመኔውን በግራ እጁ ያዘ። ሁለት ፊደል እንደጻፈ ጠመኔው ተሰበረበት፤ ጎንበስ ብሎ አነሣና ቀጠለ። ኦሮምኛ ነበር የጻፈው። ጨርሶ ዘወር አለ፣ ወደ ቦታው ግን አልተመለሰም። ሰሌዳው አጠገብ ቆመ።

በዝርዝሩ ላይ ከሱ ቀጥሎ ያለችው አዴ ጫልቱ ናት። ተነሣች። ጣቷን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰች ታነብ ነበር፤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

«በ… ዳ… ዳን…» አለች። የባሏ ስም መሆኑን ስታውቅ ድምጿ ቀነሰ። «ሀ… ቱ…»

ሀቱ ሌባ ማለት ነው። እሷም ማንበቧን አቆመች። ይህ ሰው ይህን ስድብ ሰው ፊት ለምን እንዳስነበባት እየጠየቀች ተመለከተችው። እሱ ግን በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከታት። አንድ ቃል ይቀራል።

«ሚ… ቲ» አለች። አይደለም ማለት ነው፤ በዳዳ ሌባ አይደለም።

ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር። እሱን በልቧ አነበበችውና ጮክ ብላ ደገመችው። «አኒን ሶቤ።» እኔ ዋሸሁ።

«ባለርስቱ ነው ያዘዘኝ፤ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ» አለ ኦቦ ኢታና። «በዳዳ በሬውን በዓይኑም አላየው።»

አዴ ጫልቱ እንደቆመች ነው። ሁልጊዜ ስታናግረው በእርስዎ ነበር። ያን ዕለት ግን፣ «ቆዳውንስ ማን ቀበረው?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ «አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«በየት በኩል ገባህ?»

«በእንሰቱ በኩል። እናንተ ለቅሶ ሄዳችሁ ነበር።»

«ውሻው አልጮኸብህም?»

«ያውቀኝ ነበር» አለ።

ደብተሯን ከአግዳሚው አነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች። የወረዳው ሰውዬ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ፊደሉ ግን አንድም ስሕተት የለበትም» ብሎ ኦቦ ኢታናን አሳለፈው።

ኦቦ ሁንዴ በዚያው ቀን ያዘው። እንደ ሊቀመንበር ማድረግ ያለበትን ነው ያደረገው። ኢታና ወደ አምቦ ተላከና በሐሰት ምስክርነት ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ጫካውን ተሻግሮ ነበር። ወሩ ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ፈረስ ጭነው ተመለሱ፤ ይቅርታ ጠይቀው ሌሊሴን ለመኑ። ሠርጓ ላይ ነበርኩ። አንድ የበዳዳ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው የበዳዳን ስም እየጠራ ፎከረ። አዴ ጫልቱ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ በዓመቱ ወደ አምቦ ተዛወርኩ። እስር ቤት ሄጄ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ያለኝ፣ «ሌሊሴ ተዳረች?» ነው።

«ተዳረች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ተመልሰው መጡ።»

«ጫልቱስ?»

«ደህና ናት።»

«ስለኔ ትጠይቃለች?»

ልዋሸው አስቤ ነበር። እሱን መዋሸት ግን ከበደኝ። «አትጠይቅም» አልኩት።

«እንደሱ ነው» አለ።

ከእስር ሲወጣ ወደ ሸነን አልተመለሰም። እጃጂ ሄዶ ልጆቹን ፈልጎ ነበር፤ አድገዋል፣ በር ላይ ቆመው አናግረውት ሸኙት። አምቦ ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረ። በግራ እጁ አፈር እየሞላ፣ በታጠፈው እጁ ፕላስቲኩን ደግፎ ይውላል። እዚያው ግቢ ውስጥ የመሣሪያ ማስቀመጫ ከነበረች ክፍል ግማሿን ሰጡት።

ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ አውጥቼ አውሰው ነበር። አንዱን መጽሐፍ ሁለት ወር ያነበዋል። መልሶ ሲያመጣ የሚናገረው ስለ ክፉው ሰው ብቻ ነው። የፍቅሩንም የጀግናውንም ነገር አያነሣም። ክፉው ሰው መጨረሻ ላይ ለሌላ ሰው ብሎ ጥይት ፊት ከቆመ፣ ወይም ገደል ከገባ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ይሄም አመለጠ» ይላል። እኔ እከራከረዋለሁ። ፈርቶ ከሚኖር ሞቶ የሚያድን አይሻልም ወይ እለዋለሁ።

«ይሻላል» አለኝ አንድ ቀን። «ልጅቷ መዳኗ ይሻላል። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው አይግባ አልልሽም፤ ይግባ። ግን የሚጽፉት ሰዎች ክፉውን ሰው የሚገድሉት ለሱ አዝነው አይደለም። ከሞተ በኋላ ማንም ምንም እንዳይጠይቀው ነው። ከውሃው ወጥቶ፣ ልብሱ ርሶ፣ ሰው መሀል ሲቆም ምን እንደሚሉት አያውቁማ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ደስ ብሎት መጽሐፍ መለሰልኝ። «ይሄኛው ጥሩ ነው» አለኝ። «መጨረሻ ላይ ብቻውን ገበያ ሄዶ ጨው ገዝቶ ይመለሳል።»

«ሌላ ምንም አይሆንም?»

«አይሆንም። እንደሱ ነው።»

በዓል ሲሆን እጠራው ነበር። አንድ ዓመት መጣ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ጥቂት ቀመሰ፣ እናቴን መርቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስጠራው ችግኙን ማን ያጠጣል ይለኛል። በበዓል ቀን ወደዚያ ሳልፍ ከአጥሩ ወዲያ አየዋለሁ፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ እሱ በተደረደሩት ችግኞች መሀል ብቻውን ባልዲ ይዞ ይመላለሳል።

አንድ ቅዳሜ ቤቴ ድረስ መጣ። ይህን አድርጎ አያውቅም። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። «ጫልቱ ለሕክምና አምቦ መጥታለች። ገበያ ውስጥ አየኋት» አለኝ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«መደበቅ እችል ነበር። የእህል ጆንያ ክምር ነበር አጠገቤ። አልተደበቅኩም። እንድታየኝ ወጣ ብዬ ቆምኩ።»

«አየችዎት?»

«አየችኝ» አለ። «አይታኝ አለፈች።»

ይህን ሊነግረኝ ብቻ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣው። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ቀብሩ ላይ ስምንት ሰው ነበርን፤ ሰባቱ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች። እጃጂ መልእክት ልኬ ነበር፣ የመጣ የለም። ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቁን የሚያውቀው ጠፋ። የማልቀስ ድርሻ የኔ ነበርና አለቀስኩ።

በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቄ ሸነን ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። አዴ ጫልቱን ደጇ ላይ ገብስ ስታበጥር አገኘኋት። አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን እንደድሮው ንቁ ነው። አገላብጣ ሳመችኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ እርጎ አቀረበችልኝ። ጠጥቼ ጨርሼ፣ «ኦቦ ኢታና ሞተ» አልኳት።

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ማን ቀበረው?»

«እኔና የሥራ ባልደረቦቹ።»

«ያለቀሰለት አለ?»

«እኔ አልቅሻለሁ።»

«ደግ አደረግሽ። እኔ አላለቅስም።» ገለባውን ከጉልበቷ ላይ አራገፈች። «ልጄን ከእሳት አውጥቶልኛል። ለዚያ ወተት ወስጄለታለሁ፣ ቁስሉን በእጄ አጥቤያለሁ። ለሌላው ግን የምወስድለት የለኝም። በዳዳ እስር ቤት ሊሞት ሲል ልኮብኝ ነበር። ልጠይቀው አልሄድኩም። አፍሬበት። ቆዳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ። 'አልሰረቀም ብላችሁ ንገሯት' ብሎ ልኮ፣ ውሸታም አልኩት። ስንት ዓመት ሙሉ የሞተ ባሌን ተቀይሜው ኖርኩ። እውነቱን ሳውቅ፣ ይቅር በለኝ የምለው በዳዳ የለም። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

ፀሐዩ ዘቅዝቆ ጥላችን ግድግዳው ላይ ወጥቶ ነበር። ሰፌዱን አንሥታ ጥቂት አበጠረችና ደግማ አቆመች።

«ክፉ ሰው አልነበረም እንዳትዪኝ» አለችኝ።

«አልልዎትም።»

«ደግ ነበር እንዳትዪኝ።»

«አልልዎትም።»

«ታዲያ ምን ነበር ልትዪኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?»

«ሞተ ልልዎት ብቻ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ነጠላዋን ደረበች፣ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። የጭነት መኪናው ዘገየ። ብርዱ እየጠነከረ ሲመጣ ይግቡ ብላት አልገባም አለችኝ። ሁለታችንም ወደ ጥቁር እንጭኒ በሚወስደው በኩል እያየን፣ መኪናው እስኪመጣ አብራኝ ቆመች።